የጅጌው ፎቶ ሌላኛው ግማሽ

ታኅ. 3፣ ዓርብ፣ ከጁሙዓ በኋላ

አንተ ይሄን ደብተር የከፈትክ! ከድር እንደሆንክ አውቃለሁ፤ ከወንድሜ ሌላ ማን ይነካዋል። ዝጋና ወደ ሱቁ ተመለስ፣ የባጃጅ ፍሬን ሸራ የሚጠይቅ ሰው በር ላይ ቆሟል። አልዘጋም ካልክ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብብና ፊት ለፊት ተናገረኝ። ከኋላዬ ሄደህ ለእናታችን አይደለም።

ደብተርዬ፣ ወዳንቺ። ሌንስ እየጠረግኩ ነው። በጆሮ ጥጥ። የትናንቱ አቧራ ቀለበቱ ስር ገብቶ ሲዞር ቅርጭጭ ይላል። ይሄ ቆላ ካሜራ ይበላል። ሙቀቱ አንድ፣ አቧራው ሁለት፣ የሰዉ ጥያቄ ሦስት። ስንት ሜጋፒክስል ነው? ዋጋውስ? ከስልክ በምን ይሻላል? ማረሻው ስንት ኪሎ ነው ብሎ እህል የሚገዛ ሰው አለ?

ያለችኝ አንድ ሌንስ ናት። ባለ ሃምሳ ሚሊሜትር። አትጎትትም፣ አትገፋም። ሰውን ትልቅ አድርጌ ላንሳ ካልኩ አጠገቡ መቆም አለብኝ። አጠገቡ ከቆምኩ ሰላም ማለት አለብኝ። ሰላም ስል የማን ልጅ ነሽ ይለኛል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ካወቀ በኋላ እንዴት አድርጌ ልዋሽበት? በጥቅምት ከአዲስ አበባ መጥቶ ፎቶ ማንሳት ያሠለጠነን ሰውዬ ግን እንደ ክንድ የረዘመ ሌንስ ይዞ፣ ሳትታዩ አንሱ አለን። ሰው ካወቀ ፎቶው ይሞታል አለ። እጄን አውጥቼ፣ ካላወቀስ ሰውየው አይሞትም ወይ አልኩት። ሳቁ። እሱም ሳቀ። ፎቶ ጋዜጠኛ ነው፣ ተከታይ ያለው ፔጅ አለው፣ ምን ቸገረው።

ትናንት የሸህ አሊ ጅጌ ነበር። ማሽላ ቆረጣ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው ማሳ። ሰፈሩ ለደቦ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ወንዶቹ ተርታ ገብተው እየዘፈኑ ይቆርጣሉ፤ አውራጁ ሁሴን ነው፣ የሽንኩርት ነጋዴው። እሱ ያወጣል፣ እነሱ ይቀበላሉ፣ የግጥሙ ቤት ሲሞላ ማጭዱን ሁሉ ወደ ላይ! ልክ እዛች ላይ ጠበቅኳቸው። የሁሴን አፍ ተከፍቷል፣ አቧራው በፀሐይ ወርቅ መስሏል፣ በግራ በኩል ሴቶቹ ሌማት ተሸክመው፣ ቃሪቦ በጀሪካን ይዘው እየመጡ። ወላሂ የዓመቱ ፎቶዬ ናት።

መሀላቸው ዘሀራ አለች። የሸህ አሊ ልጅ ሚስት፣ የዘንድሮ ሙሽራ። ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቶ እየሳቀች። ካሜራውን ሳወርድ እየሮጠች መጣች። እትዬ ሀያት፣ እኔ አለሁበት? አለሽበት፣ አምሮብሻል አልኳት። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ባሏ ጅዳ ነው። የባሏ እናት ታመው፣ እጅ አጥሮ ነው ማሳ የወጣችው። እዚህ የተነሳ ፎቶ ወጡ ሳይወጠወጥ ጅዳ ይደርሳል፣ ሙሽራህ ወንድ መሀል ስትስቅ ዋለች ይሉታል። አማና፣ አለችኝ። ለማንም እንዳታሳዪ። አማና ብያለሁ።

ስለዚህ ግራውን ቆረጥኩ። ሴቶቹ ወጡ፣ ወንዶቹ ቀሩ። ፎቶ መቁረጥ ኃጢአት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ሰው እንዳታሳዪኝ ካለ መቁረጥ አደብ ነው። የተቆረጠውን የሥልጠናችን ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። እስቲ ምን ይሉ ይሆን።

ታኅ. 5፣ እሑድ፣ ጠዋት

አሠልጣኙ መለሰ። ግሩፑ ላይ፣ ሁሉም እያየ። አነሳሱ ጥሩ ነው ግን ለስላሳ ነው አለ። ሰማዩ ባዶ ነው። ድራማ ስጪው። ድራማ! ማሽላ ቆረጣ ነው አባቴ፣ ምን ድራማ ልስጠው።

ላሳይሽ ብሎ ራሱ ሠርቶ ላከው። ሰማዩን አጠቆረ። የጥቁርና የነጩን ልዩነት እስከ ጥግ ገፋ። የማጭዱን ስለት አበራ። የሰዎቹ ፊት ከሰል። ያ ወርቅ አቧራ ጭስ ሆነ። ጭስ! ግሩፑ በሙሉ አጨበጨበለት። ዋው፣ አሁን ነፍስ ዘራ።

ዝም አልልም፣ ታውቂኛለሽ። ጻፍኩለት። እኔም ኤዲት አደርጋለሁ። የጨለመ ፊት አበራለሁ፣ የተጣመመ አድማስ አቀናለሁ። ቀትር ላይ ያነሳሁትን ግን ማታ አላደርገውም። ያን ቀን እዛ የነበረ ሰው ፎቶውን አይቶ «የት ነው ይሄ?» ካለ፣ ያ ኤዲት አይደለም፣ ልብ ወለድ ነው። ሙያ ነው እህቴ፣ በጊዜ ይገባሻል አለኝ።

አይገባኝም። ስለ ፎቶ ጋዜጠኞች የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አጣዬ ስትቃጠል ሁሉም መጣ። አመዱን አነሱ፣ አልቃሿን አነሱ፣ የተጣመመ ቆርቆሮ ላይ ተጋድመው አነሱ። ሰዉ ተመልሶ አዲስ ቆርቆሮ ሲመታ ግን አንድ ካሜራ አላየሁም። እኔ ሄጄ አነሳሁ። የላክሁለት ሁሉ ምን አለኝ? ዜና የለውም። ጣሪያ ሲነድ ዜና፣ ጣሪያ ሲሠራ ምንም። እና እኛን የሚያውቀን ሰው በእሳት ብቻ ያውቀናል።

ይብቃኝ፣ ከድር እየጮኸ ነው። ጎማ መጥቷል፣ ልቁጠር ነው።

ታኅ. 8፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰ.

ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

ፎቶዬ ፔጁ ላይ ወጣ። የአሠልጣኙ ፔጅ። ያው ያጠቆረው። በላዩ የጻፈበት፦ በይፋት ቆላ ማጭድና ገጀራ የታጠቁ ቡድኖች ወደ ግጭት ሲያመሩ፣ ከስፍራው። ከስፍራው! ገጀራ የቱ ጋ ነው? አንድ ገጀራ የለም። እሱስ ስፍራውን መች ያውቀዋል።

ስሜ የለበትም። ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ፣ አነሳ፣ አጠቆረ፣ ጦርነት አደረገው። በቃ።

ከስር ያለው አስተያየት አያስነብብም። ሰዉ እየተሰዳደበ ነው፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በእናት። አንዱ የሁሴንን ፊት በቀይ ከቦ መልሶ ለጥፎታል፣ ይሄን ሰው የምታውቁ ብሎ። ያ ረቢ።

ጻፍኩ። ፎቶው የኔ ነው፣ ጅጌ ነው፣ ማሽላ ቆረጣ ነው። ጠፋ። ደግሜ ጻፍኩ። ጠፋ። ኢንቦክስ ገባሁ፣ ጋሼ በአላህ አውርደው፣ ሰው ሊጎዳ ነው አልኩ። አየው። ዘጋኝ። አሁን ፔጁ እንኳን አይታየኝም፣ በከድር ስልክ ነው የማየው።

ከድር ዝም በይ አለኝ። ስምሽ የለበትም፣ አልሐምዱሊላህ በይ። ዓመቱን ሙሉ ስሜን ጻፉልኝ እያልኩ ስጨቃጨቅ ኖሬ፣ ዛሬ ስሜ አለመኖሩ ሲሳይ ሆነልኝ። ሁሴንስ? ሁሴን ስም አያስፈልገውም። ፊቱ አለ።

ያው ቀን፣ 12 ሰ.፣ ሱቅ ሳንዘጋ

ሁሴን መጣ። እየሳቀ። እንዲያውም እሱ ሲስቅ ነው የባሰብኝ።

ሀያት፣ ጦር መሪ አደረግሽኝ አሉ፣ ደመወዜስ? አለ ገና ከበሩ። ከድር ሳቁ አመለጠው። ያ ማጭድ እኮ ደንዝዞ ማሽላው እንኳን እምቢ ብሎኝ ነው የዋለው፣ ማንን ልዘምትበት ነው። እናቱ ደግሞ ፎቶውን አይታ፣ አንተ ልጅ ስትዘፍን አፍህን እንዲህ ትከፍታለህ እንዴ፣ ሚስት ያጣኸው ለካ ለዚህ ነው ብላዋለች። ሻይ አዘዝኩለት። አልነካውም።

ከዛ ሳቁ አለቀ። ሁሌ ሽንኩርት የሚጭንለት ያ የአይሱዙ ሾፌር፣ ዘንድሮ በኔ መኪና አትሂድ አለው። ክፋት የለውም፣ ሾፌሩም። ፊትህን አውቀውታል፣ መስታወቴን ያረግፉታል አለ። ሽንኩርቱ ተነቅሏል፣ ተጠርቷል፣ ዛፍ ስር በከረጢት ቁጭ ብሏል። የአጣዬ ደንበኞቹ ይጠብቁታል። ሽንኩርት ደግሞ አይጠብቅም።

ሰው መቼ ነው የሚረሳው ሀያት? አለኝ። ስለ ስልክ፣ ስለ ፔጅ እኔ አውቃለሁ ብሎ ነው። የቀዘቀዘውን ሻይ ወደሱ ገፋሁለት።

ታኅ. 11፣ ቅዳሜ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ

ሌላ መኪና አግኝቶ ነበር። ጧት ሄደ።

አጣዬ መንገድ ላይ፣ ጀውሃ ምሳ ሊበሉ ቆሙ። ጎረምሶች ስልክ ይዘው መጡ። ስልኩን ያያሉ፣ ሁሴንን ያያሉ። አንተ ነህ አሉት። እኔ ነኝ፣ ጅጌ ላይ ነው አላቸው፤ ይሄ ሰው መዋሸት እንኳን አይችልም። ከመኪናው ጀርባ ወሰዱት። ከረጢቱን በጩቤ ተረተሩት። ሽንኩርቱ አስፋልት ላይ ተንከባለለ፣ የጭነት መኪና ሄደበት። ሸሚዙ ተቀደደ፣ ከንፈሩ አብጧል። ያዳነችው የምግብ ቤቷ ባለቤት ናት። ወንፊት ይዛ ወጣች አሉ፣ ይሄ ልጅ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እኔ ቤት የሚበላ ነው፣ እሱን ከነካችሁ ዳግመኛ በዚህ በር እንዳላያችሁ ብላ። ለቀቁት። በባጃጅ እየተቀባበሉ ነው የመለሱት።

ሄጄ አየሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እናቱ ውሃ በጨው ይዛ ቆማለች። ቀና ብላ አታየኝም።

ደብተርዬ፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ሙሉው ፎቶ እጄ ላይ አለ። ግራው ጋ ሌማት አለ፣ ጀሪካን አለ፣ ሴት አለ። ሌማት አስከትሎ የሚዘምት ጦር ማን አይቷል? አንዴ ብለጥፈው፣ አሠልጣኙ አፉን ይይዛል።

ግን ዘሀራ። መሀሉ ላይ። እየሳቀች።

ፊቷን ላደብዝዘው? አስቤዋለሁ። አንደኛ፣ ያደበዘዝኩትን ፎቶ ነካክታዋለች፣ ውሸት ነው ይሉኛል፤ እንኳን እሱ እኔም እላለሁ። ሁለተኛ፣ ፊቷን ብሸፍነውም ሰፈሩ በቀሚሷ ያውቃታል። ጅዳ ያለው ሁሉ የዚህ ሰፈር ልጅ ነው።

ነገ እሄዳለሁ። እለምናታለሁ።

ታኅ. 12፣ እሑድ፣ ቀትር

ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ማሽላ ስትወቃ አገኘኋት። እትዬ ሀያት ብላ ዱላውን ጣለች፣ እጄን ሳመች። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሁሴን ሰምታለች፣ ስለ ፎቶው ግን አልሰማችም። እስቲ አሳዪኝ አለች። ስልኬን ሰጠኋት።

ለረጅም ጊዜ አየችው። በጣቶቿ አሰፋችው። እንዲህ ነው የምስቀው? አለች። አዎ። ፎቶ ተነስቼ እንዲህ ሆኜ አላውቅም አለች። ሠርጌ ላይ እንኳን አንገቴን ደፍቼ ነው። ከዛ ስልኩን መለሰችልኝ።

ተናገርኩ። አቤት እንዴት ተናገርኩ። ሰው እየተደበደበ ነው፣ ሽንኩርቱ ተደፋ፣ እናቱ፣ ነገ ደግሞ ጩቤው ከረጢት ላይ ላይቀር ይችላል። አንድ ፎቶ ነው፣ ምንም ነውር የለበትም፣ ሌማት ተሸክመሽ ነው። ስጨርስ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፈው።

«ለሁሴን የሚገባ ነገር ነው። ባሌ ግን እኔን አያውቀኝም ገና እትዬ። ተጋባን፣ ሄደ። የሚያውቀኝ ሰው በነገረው ነው። መጀመሪያ የሚያየኝ ነገር ይሄ እንዲሆን አልፈልግም፣ እነዛ ሁሉ ስድብ ከስሬ ተጽፎ። ከፈለግሽ አውጪው፣ እጅሽ ላይ ነው ያለው። አማናውን ግን አልለቀቅኩሽም።»

ተነስቼ ወጣሁ። ደህና ዋይ እንኳን አላልኩም። መንገድ ላይ እየጮህኩ ነው የመጣሁት፣ ብቻዬን፣ ባለባጃጆቹ እያዩኝ። አንዲት ፍሬ ልጅ! ፊቷ ከሰው ሕይወት በለጠ! እንዲህ እያልኩ ድልድዩ ጋ ስደርስ፣ አሠልጣኙን መሰልኩ። ለፎቶው ስል ሴቲቱን የማላይ። ቆምኩ። ግን ንዴቴ አልወጣም። አሁንም አልወጣም።

ታኅ. 13፣ ሰኞ

ፎቶው ተጭኗል። ሙሉው። ጽሑፉ ተጽፏል። ጣቴ «ለጥፍ» የሚለው ላይ። ከድር ጎማ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፣ አንድ ቃል አይተነፍስም። ለጥፊ ቢለኝ እለጥፋለሁ። ተይ ቢለኝም እለጥፋለሁ። ዝም ሲል ግን አቃተኝ።

ለሁሴን ደወልኩ። ልለጥፈው ነው አልኩት። ዘሀራ ምን አለች አለ። ነገርኩት። የምትይውን ሰምቻለሁ፣ ግን እንዳታደርጊው አለኝ። በሰው ሚስት ፊት ስሜን አላጥብም። ከንፈሩ ስላበጠ ቃሉ በደንብ አይወጣም።

ታዲያ ምን ይሁን? ምን ላድርግ? ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ እኔ ብቻ መሀል ላይ እነድዳለሁ። አሠልጣኙ አሁን ምን እየሠራ ይሆን? ሌንስ እየጠረገ?

ታኅ. 15፣ ረቡዕ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ

ሸህ አሊ አስጠሩኝ። ሁሴንንም። ዘሀራ ራሷ ነግራቸዋለች፣ ከአፌ ሳይሰሙ ከሌላ እንዳይሰሙ ብላ። ሸህ አሊ የማሳው ባለቤት፣ የባሏ አባት፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፤ ሦስቱም አንድ ሰው። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። የልጄን ሙሽራ አነሳሻት ብለው የሚያባርሩኝ መሰለኝ።

ፎቶውን አሳዪኝ አሉ። መነጽራቸውን በግምባራቸው ሰቅለው፣ ስልኩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው። መጀመሪያ ያዩት ማሽላውን ነው። ዘንድሮ ዘለላው ደህና ነበር አሉ። ከዛ ሁሴንን፦ አንተ፣ ሰው ሁሉ ሲቆርጥ አንተ አፍህን ነው እንዴ የከፈትከው? ሁሴን ካበጠ ከንፈሩ ጋር ሳቀ። አራት ቀን ሙሉ ሳይስቅ የቆየ ልጅ።

ቀጥለው ጠየቁኝ። እነዚህ ሰዎች ለጠብ እየሄዱ ነው ያለው ማነው? አሠልጣኙ ነው አባባ። አንቺ ነሽ ያልሽው? ኧረ አይደለሁም። ታዲያ አንቺ ለምን ምስክር ፍለጋ ትሮጫለሽ? ከሳሽ ነው ማስረጃ የሚያመጣው ልጄ። ይሄ እኮ ቁርኣን የቀራ ሕፃንም የሚያውቀው ነው። እሱ ክስ ሰቅሎ ተቀምጧል፣ አንቺ የልጄን ሚስት ይዘሽ ልትሰቅዪ ትዞሪያለሽ።

አላስቻለኝም። አባባ እሱ እስኪያመጣ ሁሴን ይሙት ወይ? አልኳቸው። ጮክ ብዬ ነው። ሁሴን ክንዴን ጎተተኝ። ሸህ አሊ አልተቆጡም። ዘሀራን ጠሩ። መጋረጃው ጋ ቆመች። ልጄ፣ እኔ በእጄ ይዤው ሄጄ፣ እኔ ለምመርጠው ሰው አሳይቼ፣ መልሼ በእጅሽ ባስረክብሽስ? አሏት። ስልክ ላይ አይደለም፣ ወረቀት። አሰበች። እርስዎ ይዘውት ከሆነ እሺ አለች። እትዬንም ለዚህ ለቅቄያታለሁ። ለዚህ ብቻ።

ቀጥታ ወደ ስቱዲዮ። አጣቢው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጭነው አጠገቡ ተገትሬ። ሁለት አወጣን፦ አንዱ ሙሉው፣ አንዱ የተቆረጠው፣ እኩል መጠን፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሁሴን እግር ከሁሴን እግር እንዲገጥም። ፋይሉን አጥፋ አልኩት። አጠፋ። ከቆሻሻ መጣያውም። ኧረ ሀያት ምን ሆነሻል አለኝ። አጥፋ! ወረቀት ላይ የወጣ ፎቶ ሼር አይደረግም። የያዘው ሰው ካላሳየሽ አታዪውም። እንዲህ ያለ ነገር ለካ ድሮ ነበረን።

ታኅ. 18፣ ቅዳሜ፣ ማታ 1 ሰ.

ተመለሱ። ሁሉም በሰላም። አልሐምዱሊላህ። ሁሴን ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ ሱቁ ውስጥ ያለውን ሁሉ እየነካካ ነገረን።

ያው የድሮው ሾፌር ነው የወሰዳቸው። ሸህ አሊ ጋቢና፣ ሁሴን ከላይ፣ የቀረው ሽንኩርት ላይ ተቀምጦ። ጀውሃ ወረዱ። ሸህ አሊ ምግብ ቤቱ ገብተው ሻይ አዘዙ፣ እነዛን ልጆች በአባቶቻቸው ስም እየጠሩ አስመጧቸው። መጡ። ትሪ አስመጡና፣ ስልካችሁን እዚህ ላይ አስቀምጡ አሉ። አንዱ አጉረመረመ፣ የምግብ ቤቷ ባለቤት ወንፊቷን አነሳች፣ አስቀመጠ። ከዛ ሁለቱን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። እዩ እንጂ አትንኩ።

አንዱ ወዲያው፣ ኧረ ሌማት ነው አለ። ሌላኛው፣ የሌላ ቀን ቢሆንስ አለ። ሸህ አሊ የሁሴንን ጫማ አሳዩት፣ ግራው ማሰሪያ የለውም፣ በሁለቱም ላይ። ይሄ ልጅ የኔን ማሽላ ሲቆርጥ ነበር፣ ይሄን ምሳ የሠራው የኔ ቤት ነው፣ ከዚህ በኋላ የነካው እኔን ነክቷል። ያ ጩቤ የያዘው ልጅ አንገቱን ደፋ። ተነስቶ ሽንኩርቱን አብሮ አስተካከለ፣ ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም። አጣዬም እንዲሁ፣ ለገበያው ሽማግሌዎች አሳዩ። ይግባ አሉ። ገባ። ሸጠ። ፎቶው በፎጣ ተጠቅልሎ ተመልሶ ለዘሀራ ተሰጠ።

ደስ ብሎኝ ላድር ነበር። ከድር ስልኩን ሰጠኝ። ሌላ ፔጅ ያንኑ ፎቶ ወስዶታል። ከዛ ላይ ደግሞ ሌላ፣ ከሱም ሌላ ፔጅ። የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ ሆኖ፣ ሀገራችሁ ምን ሆነ ብሎ ደውሏል። ሸህ አሊ ወረቀታቸውን ይዘው ሐዋሳ አይደርሱም።

ታኅ. 19፣ እሑድ፣ ጠዋት

አሠልጣኙ ጻፈልኝ። በሌላ አካውንት። የሽማግሌዎቹን ነገር ሰምቷል፣ ማን እንደነገረው እንጃ። እህቴ ሀያት ይለኛል ዛሬ። የጽሑፍ ስህተት ተፈጥሯል፣ ብንነጋገር እንግባባለን፣ ፎቶውን ዛሬውኑ በጸጥታ አጠፋዋለሁ። አንቺም ነገሩን አታንሺው። በሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ሥራዎችሽ ከነስምሽ ይገባሉ።

ከነስሜ። አዲስ አበባ፣ ግድግዳ ላይ፣ መብራት ተደርጎለት። ደብተርዬ፣ እውነት እንነጋገር፣ ልቤ አንዴ ዘለለ። አንዴ ብቻ።

ከድር ተቀበዪ አለኝ። ይጥፋ፣ ይለቅ። ሁሴንን ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ከጠፋ፣ እውነት ስለነበር ደበቁት ነው የሚባለው አለኝ። ፊቴ ላይ ቀይ ክብ ያሰመረው ሰው አላጠፋም እኮ። እሱ ያየው ሰው ሁሉ፣ መልሱንም እዛው ይየው።

ዘሀራን አልጠየቅኳትም። ፎቶዋ ከዚህ በኋላ በጉዳዩ የለበትም።

ወሰንኩ። የምለጥፈው ይሄ ነው። በራሴ ስም፣ ፎቶ የለውም። እዚህ መጀመሪያ ጻፍኩት፦

አሠልጣኙ፣ አንተን ነው። ስምህን እኔ አልጠራም፣ ራስህ ና። ያንን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ሀያት፣ ከሸዋ ሮቢት። ጅጌ ነበር። ይሄን ያልኩህን ሁለቴ አጥፍተህ ዘጋኸኝ። በኢንቦክስ ያቀረብክልኝን አልተቀበልኩም። በጸጥታ ማጥፋት መልስ አይደለም። አታጥፋው። እዛው ይቆይና እዛው ስር መልስልኝ። ከስፍራው አልክ፤ የስፍራው ስም ማነው? ግጭት አልክ፤ ማን ከማን ጋር? ገጀራ አልክ፤ ፎቶው ላይ በጣትህ አሳየኝ። ማን ነገረህ? ማንን ጠየቅክ? ከነዚያ ሰዎች የአንዱን ስም ታውቃለህ? ሰማዩን ለምን አጠቆርከው? ቀትር እንደነበር ታውቃለህ፣ ወርቁን አቧራ አይተኸዋል፣ እኔ ነኝ የላክሁልህ። ከሳሹ አንተ ነህ፣ ማስረጃው ካንተ ይጠበቃል። አለኝ ካልክ አምጣ። የለኝም ካልክ፣ ያ በቀይ የተከበበው ሰው ማሽላ ሲቆርጥ እንደነበር በራስህ ስም፣ በራስህ ፔጅ፣ በዛው በወፍራሙ ፊደልህ ጻፍ። ኢንቦክሴን ዘግቻለሁ። ሰው ሁሉ እያየ መልስ።